የጋራ ቁጥር

ትርንጎ የምህንድስና ትምህርቷን የጀመረችው አፈርን ይቅርታ በመጠየቅ ነው። በአረንጓዴ ምህንድስና ብሔራዊ ተቋም ማንኛውም ተማሪ ጠዋት ክፍል ከመግባቱ በፊት ግቢው መካከል ባለው የአፈር መደብ ዙሪያ ይቆማል፤ ጫማውን ያወልቃል፤ ወደፊት ስለሚቆፍረው ጉድጓድ ሁሉ ከወዲሁ ይቅርታ ይጠይቃል። ሥርዓቱ ከመዋቅር ትምህርት እኩል ነጥብ አለው። እንዲያውም ሳይበልጥ አይቀርም፤ በመዋቅር የወደቀ ተማሪ ማካካሻ ይሰጠዋል፣ ጫማውን ሳያወልቅ የተገኘ ግን ይባረራል። ልጆቹ ይህን ሁሉ ዓመት ይቅርታ ጠይቀው አንድም ጉድጓድ ሳይቆፍሩ ይመረቃሉ።

የቁሳቁስ ቤተ ሙከራው በር ላይ አንድ ግዙፍ የብረት ማሽን ቆሟል። ድሮ የኮንክሪት ኪዩብ እየጨመቀ ምን ያህል ክብደት እንደሚችል ይፈትን ነበር አሉ። ሲሚንቶ ካርቦን ነው፣ መስበርም ማባከን ነው ተብሎ ከተከለከለ ወዲህ ሬት ተተክሎበታል። ተማሪዎቹ ኪዩብ ሲሰበር የሚያዩት በቪዲዮ ነው። ቪዲዮው ያው አንድ ነው፤ ኪዩቡም ወላጆቻቸው ሳይወለዱ የተሰበረ ኪዩብ ነው። ስንጥቁ ከየት እንደሚጀምር፣ ፍርካሹ ወደየት እንደሚወድቅ በቃላቸው ያውቁታል፤ ሲሰበር ያጨበጭባሉ። በዚያ ግቢ በእጁ ኮንክሪት የዳሰሰ ተማሪ ካለ ግድግዳ ተደግፎ ነው።

ትርንጎ የመጣችው ጎሽመኔ ከሚባል ወንዝ ዳር ካለች ትንሽ ከተማ ነው። እናቷ ሲስተር ደብሪቱ አዋላጅ ነርስ ናቸው። ጤና ጣቢያው ከወንዙ ወዲህ፣ ግማሹ ሕዝብ ከወንዙ ወዲያ ስለሆነ ሲስተር ደብሪቱ ዕድሜያቸውን የፈጁት በገመድ ላይ በተንጠለጠለች የእንጨት ወንበር እየተሻገሩ ነው። ምጥ የያዛትን ሴትም በዚያችው ወንበር፣ በነጠላ አስረው ያሻግሯታል። ትርንጎ ምህንድስና የገባችው አንድ ነገር ፈልጋ ነው፤ ለጎሽመኔ ድልድይ። ይህን በቃለ መጠይቅ ስትናገር ኮሚቴው በጣም ተደስቶ «ገጠር፣ ሴት፣ የወንዝ ዳር» ብሎ መዘገባት።

እዚህ ላይ ስለ ስብጥር መናገር ያስፈልጋል። የተቋሙ ተማሪ ለብቻው አይማርም፤ ሰባት ሰባት እየሆነ በቡድን ይመደባል፤ የቡድኑም ግማሽ ነጥብ የሚሰጠው ገና ሥራ ሳይጀምር፣ በቡድኑ ፎቶግራፍ ነው። በትርንጎ ቡድን ውስጥ ዐይነ ስውሩ ኦብሳ አለ። ኦብሳ ረጅም ስሌት በቃሉ ይሠራል፤ ሆኖም ለፎቶ ካልሆነ በቀር የፈለገው ሰው የለም። ጋሽ ሽመክት አሉ፤ እሳቸው «ዕድሜ» ናቸው። ጡረታ መውጫቸው ካለፈ ቆይቷል፣ ተማሪ ከሆኑም እንደዚያው፤ አይመረቁም፤ ቢመረቁ በምን ይተካሉ? አንዱ ቡድን ሲያልቅ ወደ ሌላው ይዛወራሉ፤ መኝታና ምግብ አላቸው። የቀሩት አራቱ ደግሞ ከአራት ክልሎች የተመለመሉ ናቸው። አራቱም ያደጉት ግን ዋና ከተማው ውስጥ፣ በአንድ ኮንዶሚኒየም ግቢ ነው፤ በልጅነታቸው አንድ ላይ ኳስ ተጫውተዋል። ክልላቸውን ያዩት በካርታ ነው።

ሐሳቡ ሲወጠን የሞኝ ሐሳብ አልነበረም። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ያዩት እውነተኛ ችግር ነበር፤ ወንዝ አይተው የማያውቁ ሰዎች ለወንዝ ዳር ሰው ድልድይ ሲነድፉ፣ ውሃ ቀድታ የማታውቅ ከተማ የውሃ መስመር ስትወስን አይተው አንገፍግፏቸው ነበር። የሲሚንቶው ጭስም እውነት ነበር። ስለዚህ የወንዝ ዳሯ ልጅ ጠረጴዛው ላይ ትቀመጥ፣ ድምጿ ይሰማ አሉ። እነሱ ሞቱና መመሪያው ቀረ። መመሪያውን የወረሱት ሰዎች ደግሞ ወንበሩን ቆጥረው ሲጨርሱ የሚሰማ ጆሮ መኖሩን ሳያጣሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

በመጨረሻው ዓመት ትርንጎ ያልጠበቀችው ዕድል መጣ። ተቋሙ በዓመት አንድ የካርቦን ፈቃድ ያገኛል፤ አንድ የተማሪ ቡድን አንድ እውነተኛ ነገር፣ በእውነተኛ መሬት ላይ እንዲሠራ ይፈቀድለታል። የ2094 ዓ.ም. ፈቃድ ለእነ ትርንጎ ቡድን ደረሰ፤ ቦታውም ጎሽመኔ ሆነ። ትርንጎ ለእናቷ ደውላ ስትነግራቸው ሲስተር ደብሪቱ ስልኩ ላይ እልል አሉ፤ ጤና ጣቢያው ውስጥ የነበሩት ሁሉ ምን እንደሆነ ሳያውቁ አብረው እልል አሉ።

ንድፉን የሚሠራው ማሽን ነው። ማሽኑ ሰውን የሚጠይቀው ጥቂት ነገር ነው፤ ለጎሽመኔ የጠየቀው አንድ ብቻ ነበር፤ ድልድዩ ከወንዙ ወለል ስንት ሜትር ከፍ ይበል? የወንዙ መለኪያ ጣቢያ ቢኖር መልሱ ከዚያ ይገኝ ነበር፤ ጣቢያው ግን ባትሪው ዘላቂ አይደለም ተብሎ ከተዘጋ ቆይቷል። ስለዚህ ቁጥሩ፣ በተቋሙ እንደ ማንኛውም ቁጥር፣ በስምምነት ጠረጴዛ ላይ ይወሰናል። ጠረጴዛው መስታወት ነው። ሰባቱም ቁጥራቸውን ይናገራሉ፤ የማንም ቁጥር አይጣልም፤ ተደምሮ ለሰባት ይካፈላል። የወጣው የጋራ ቁጥር ይባላል። ሰባቱም መዳፋቸውን ሲያስቀምጡ ጠረጴዛው ከቀይ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል።

የሚያወያዩት አስማሚው ዶክተር ልዑልሰገድ ነበሩ። አስማሚ ማለት ድሮ መምህር ይባል የነበረው ሰው ነው። ዶክተር ልዑልሰገድ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አያውቁም፤ ማንንም ተሳስተሃል ብለው አያውቁም፤ በዚህም ሁለት ጊዜ ተሸልመዋል።

«ትርንጎ፣ ከመጀመራችን በፊት የማኅበረሰብሽን ሕመም ብታካፍይን» አሉ።

«ሕመም ሳይሆን ቁጥር ነው ያለኝ፣ ዶክተር።»

«ቁጥሩ ይደርሳል። መጀመሪያ ሕመሙ።»

ተናገረች። ስለ ገመዱ፣ በነጠላ ስለሚታሰሩት ሴቶች፣ ወንበሯ ላይ መሃል ወንዝ ስለተወለደው ልጅ ተናገረች። አራቱ የከተማ ልጆች አለቀሱ፤ ማልቀስ ነጥብ አለው። ከዚያ ቁጥሯን አወጣች።

«ነሐሴ ላይ ውሃው ከወለሉ ዘጠኝ ሜትር ይወጣል። ዳር ያለው ሾላ ላይ ገለባና ላስቲክ ሰቅሎ ነው የሚሄደው፤ የለካሁት ከዚያ ነው። ድልድዩ አሥራ አንድ ሜትር ላይ መቀመጥ አለበት።»

«በጣም እናመሰግናለን። አሥራ አንድ የሚል ቁጥር ቀርቧል። ሌላ?»

«ሦስት» አለች አንደኛዋ የከተማ ልጅ። «ዝቅ ያለ ድልድይ ወንዙን ያከብራል።»

«እኔም ሦስት» አለ ጎረቤቷ።

«ሁለት፤ ካርቦን ይቀንሳል» አለ ሦስተኛው። አራተኛዋ ነገሩን መካከለኛ ለማድረግ አራት አለች።

ጋሽ ሽመክት ከእንቅልፋቸው ብንን ብለው «አንድ» አሉ። እሳቸው ለማንኛውም ጥያቄ መልሳቸው አንድ ነው፤ ትንሽ ቁጥር ሰው አያስቀይምም ባይ ናቸው።

ኦብሳ ፊቱን ወደ ትርንጎ መለሰ። «ላስቲኩን በምን ለካሽው?»

«በእናቴ ገመድ። ቋጠሮ ቋጥሬበት ከሾላው ላይ ወደ ታች ለቀቅኩት።»

«እንግዲያው የኔም አሥራ አንድ ነው።»

ዶክተር ልዑልሰገድ ቅር አላቸው። «ኦብሳ፣ የሰው ቁጥር መድገም እኮ ስብጥሩን ይቀንስብናል። የራስህን ብታመጣ እንወድ ነበር።»

«ወንዙ አንድ ነው፣ ዶክተር።»

ዶክተሩ ይህን እንዳልሰሙ አለፉት። ቁጥሮቹ ተደመሩ፤ ሠላሳ አምስት፤ ለሰባት ሲካፈል አምስት። «ያለ ምንም ቅሪት!» አሉ፤ ደስታቸው ከልብ ነበር። አምስት ያለ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

«አምስት ሜትር ላይ ያለ ድልድይ ነሐሴን አያልፍም» አለች ትርንጎ። «ውሃው አራት ሜትር በላዩ ላይ ይሄዳል እኮ!»

«ድምፅሽ ተሰምቷል።»

«ተሰምቶ ምን ሆነ?»

«ተካቷል፣ ትርንጎ። ያንቺ አሥራ አንድ ባይኖር አምስት ላይ እንደርስ ነበር? ያንቺ ቁጥር ነው ያወጣን።»

ድምጿ እንዲሰማ ነበር ያ ሁሉ መመሪያ የተጻፈው፤ ድምጿም ተሰማ፤ ከተሰማ በኋላ ለሰባት ተካፈለ። ስድስት መዳፍ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የኦብሳም ጭምር፤ እሱ እጁን ያስቀመጠው ውሳኔው የእሷ እንዲሆን ብሎ እንደሆነ በሹክሹክታ ነገራት። ጠረጴዛው የእሷን ይጠብቃል። በዚያን ቀን አረንጓዴ ካልሆነ ፈቃዱ ለሌላ ቡድን ያልፋል፤ የሌላው ቡድን ዕቅድ ደግሞ የወፍ መመልከቻ ማማ ነው።

ጋሽ ሽመክት ጎንበስ ብለው «የኔ ልጅ፣ እኔ እዚህ ስንቱን አስማሚ አስረጅቻለሁ። ከነሱ ጋር አትድረቂ፤ እጅሽን አድርጊና ድልድይሽን ይዘሽ ሂጂ» አሏት።

ትርንጎ አሰበች። ከጥቅምት እስከ ሰኔ ውሃው ዝቅተኛ ነው፤ ድልድዩ ያገለግላል። በክረምት ደግሞ ገመዱ አለ። ዓመቱን ሙሉ በገመድ ከመንጠልጠል ለክረምት ብቻ መንጠልጠል ይሻላል። መዳፏን አስቀመጠች። ጠረጴዛው አረንጓዴ ሆነ፤ ሁሉም ተቃቀፉ፤ የሬት ጭማቂ ተጠጣ።

ድልድዩ በሙጫ ከተጣበቀ ቀርከሃ ተሠርቶ የካቲት ላይ ተመረቀ። ያምር ነበር፤ ይህን መካድ አይቻልም። ሲስተር ደብሪቱ አዲስ ቀሚስ ለብሰው መጀመሪያ ተሻገሩ፤ መሃል ሲደርሱ ቆመው ቀርከሃውን በእግራቸው ረገጥ ረገጥ አደረጉና ወደ ሕዝቡ ዞረው ሳቁ። ከምረቃው በኋላ ከተቋሙ ሁለት ሰዎች ጉጠትና መጋዝ ይዘው መጡና ገመዱን ፈቱት። የድግግሞሽ መመሪያ የሚባል ነገር አለ፤ ለአንድ መሻገሪያ አንድ መዋቅር ብቻ ይፈቀዳል፤ ሁለት ከሆነ ሀብት ማባከን ነው። ሾላው ላይ ታስሮ የነበረው ጫፍ እንኳ አልቀረም።

ትርንጎ ወደ ተቋሙ እንደተመለሰች በሩጫ ዶክተር ልዑልሰገድ ቢሮ ገባች።

«ዶክተር፣ ገመዱ ከተነሳ ክረምት ላይ ሰው በምን ይሻገራል?»

«በድልድዩ ነዋ!»

«ክረምት ላይ ድልድዩ ውሃ ውስጥ ነው።»

«ይህን ከስምምነቱ በፊት ብታነሺው ጥሩ ነበር።»

«አንስቼዋለሁ!»

«አዎ፤ ተካቷልም። አንድ ሰባተኛው ያንቺ ነው።»

ከዚያ በኋላ የሄደችባቸው ቢሮዎች ሁሉ በጥሞና አዳመጧት። አንዱ ጋ ውሃ ሰጧት፤ አንዱ ጋ ስለ ማኅበረሰቧ ሕመም እንድትናገር ጋበዟት፤ አንዱ ጋ ፎቶ አነሷት። ያባረራት የለም። ያባረራት ቢኖር ቢያንስ የምትጮህበት ሰው ታገኝ ነበር። ሐምሌ ሲገባ የቀራት መንገድ እናቷ ብቻ ነበሩ።

«እማ፣ ስሚኝ። ውሃው ከሞላ ድልድዩን እንዳትረግጪው።»

«አንቺ የሠራሽውን?»

«እኔ አልሠራሁትም። እኔ ያልኩት ሌላ ነው፣ የተሠራው ሌላ ነው። እባክሽ እማ፣ መስከረም እስኪጠባ ብቻ።»

«ምጥ ወር ይመርጣል እንዴ፣ ልጄ?» አሉ ሲስተር ደብሪቱ። «ወዲያ ማዶ ዘነቡ ወሯ ገብቷል፤ የመጀመሪያዋ ነው፤ ዳሌዋም ጠባብ ነው። ገመዱ ቢኖር በገመዱ እሄድ ነበር። አሁን በምን ልሂድ?»

«እማ፣ እባክሽ» አለች ትርንጎ። እናቷ «አይዞሽ፤ ልጄ የለካችው ነው፣ አያሳፍረኝም» አሏትና ስልኩን ዘጉት።

ነሐሴ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ጎሽመኔ ላይ ጠብታ ዝናብ ሳይኖር ውሃው መጣ። ከላይ አገር ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። ሲስተር ደብሪቱ ውሃው ጎድሎ ሳለ ተሻግረው ማዶ አድረው ዘነቡን ይዘው ሲመለሱ፣ የዘነቡ አማት ደግሞ ከኋላ ደግፋት ስትመጣ፣ ሦስቱም ድልድዩ መሃል ነበሩ። ዳር የቆሙት ሰዎች ጮኸዋል። ውሃው ድልድዩን አልሰበረውም፤ ከነሰዎቹ አንስቶ ይዞት ሄደ። ማግስቱን ውሃው ሲጎድል ሾላው ላይ ገለባ፣ ላስቲክና የቀርከሃ ፍላጭ ተሰቅሎ ተገኘ፤ ከወለሉ ዘጠኝ ሜትር ላይ። ሴቶቹን ግን የትም አላገኟቸውም።

ኅዳር ላይ ተቋሙ ዓመታዊ ሽልማቱን ሰጠ። አንደኛ የወጣው የጎሽመኔ ድልድይ ነው። ዳኞቹ ማብራሪያቸውን በአዳራሹ አነበቡ፤ ድልድዩ ለማፍረሻ ምንም ዓይነት ካርቦን አልተጠቀመም፤ ከአገልግሎት በኋላ ቅሪት አልተወም፤ በራሱ ጊዜ ወደ ተፈጥሮ ተመልሷል። በተቋሙ ታሪክ ሙሉ ነጥብ ሲሰጥ የመጀመሪያው ነው። አዳራሹ ተነስቶ አጨበጨበ። እነዚህ ሰዎች እጃቸው ለጭብጨባ ካልሆነ ለምን እንደተፈጠረላቸው እንጃ።

የሰባቱ ቡድን መድረክ ላይ ወጣ። የስምምነት ጠረጴዛውም ለክብር ወጥቶ ነበር። ትርንጎ ጥቁር ለብሳለች። ማይክራፎኑ ሲደርሳት ምስጋና ይጠበቅ ነበር።

«ድልድዩ ሦስት ሰው ገድሏል» አለች። «በሆድ ያለውን ጨምረው አራት የሚሉ አሉ፤ እኔ ሦስት ነው የምለው። አንዷ እናቴ ናት።»

ዶክተር ልዑልሰገድ ክፉ ሰው አይደሉም፤ ዐይናቸው እንባ አቅርሯል። ግን አፋቸው የለመደውን አወጣ።

«ትርንጎ፣ በጣም እናመሰግናለን። ሦስት የሚል ቁጥር ቀርቧል። ሌላ?»

«ዜሮ» አለች አንደኛዋ የከተማ ልጅ። «አስከሬን ስላልተገኘ።»

«እኔም ዜሮ» አለ ጎረቤቷ። ሦስተኛው ዜሮ አለ። አራተኛዋ ወለሉን እያየች ዜሮ አለች።

«ሦስት» አለ ኦብሳ። «የሰው ቁጥር ነው የደገምኩት፤ መዝግቡልኝ።»

ጋሽ ሽመክት ማይክራፎኑን ሲቀበሉ ትርንጎን አዩዋት። ከዚያ የለመዱትን «አንድ» አሉና አንገታቸውን ደፉ።

ተደመረ፤ ሰባት። ለሰባት ተካፈለ፤ አንድ። ያለ ምንም ቅሪት። የጋራ ቁጥሩ ትልቁ ስክሪን ላይ ወጣ፤ ጠረጴዛው መዳፍ ለመቀበል በራ። አምስት መዳፍ ተቀመጠ። ኦብሳ ሁለት እጁን ኪሱ ከተተ።

ትርንጎ ስክሪኑን ቆማ አየችው። «እሺ» አለች። «አንድ ነው ካላችሁ እሺ። ታዲያ ከሦስቱ የሞተችው የትኛዋ ናት? ንገሩኝና ለሁለቱ ቤት ደውዬ ልንገራቸው።»

ዶክተር ልዑልሰገድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አሉ፤ «እስቲ ከግራ በኩል እንጀምር።»

ትርንጎ ማይክራፎኑን መስታወቱ ላይ አስቀምጣ ከመድረክ ወረደች፤ በመሃለኛው መተላለፊያ ሄዳ በሩን ከፍታ ወጣች። ኦብሳ በትሩን እየመታ ተከተላት። ጠረጴዛው ቀይ እንደሆነ ቀረ፤ ፎቶው ላይ ቀይ እንዳይታይ አንድ ሰው ከሶኬት ነቀለው።

ፎቶው ግን መነሳት ነበረበት፤ ያለ ፎቶ ሽልማት የለም። ለኦብሳ ቦታ ከአዳራሹ መነጽር ያደረገ ሰው ተጠርቶ ዐይንህን ጨፍን ተባለ። ለትርንጎ ቦታ ደግሞ ከአስተናጋጆቹ መካከል ከገጠር የመጣች ሴት ተፈለገች። አንዷ ተገኘች፤ የወንዝ ዳር ልጅ ነሽ ወይ ሲሏት አዎ አለች። ሽርጧን አስወልቀው፣ የያዘችውን ትሪ ተቀብለው፣ ዋንጫውን አስያዟትና መሃል አቆሟት።

«ትንሽ ፈገግ በይ» አላት ፎቶ አንሺው።